በእግር የጸና ልማድና በገንዘብ የተገዛ ፈቃድ፤ ስለ እንግሊዝ አገር አዲስ የእርሻ ድጎማ ሕግ የቀረበ ትችት

በእንግሊዝ አገር በኖቬምበር 11 ቀን 2020 የጸደቀው የእርሻ ሕግ፣ የመንግሥት ገንዘብ ለገበሬና ለባለመሬት ሊሰጥባቸው የሚችሉትን ዓላማዎች በመጀመሪያው አንቀጽ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከነዚህም በሁለተኛ ተራ የሰፈረው፣ ሕዝብ ወደ ገጠር፣ ወደ እርሻ መሬትና ወደ ደን ገብቶ እንዲደሰትበት፣ ስለ ተፈጥሮም ያለው ማስተዋል እንዲጨምር የሚደረገውን ድጋፍ የሚመለከት ነው። ቃሉ አጭር፣ መልኩም የዋህ ነው። ይሁን እንጂ በሰውና በመሬት መካከል ያለውን ግንኙነት ለሚመረምር ሰው፣ በዚያ ረዥም ሕግ ውስጥ ከዚህ ቃል ይልቅ የሚያሳስብ አይገኝም። አንድ መንገደኛ በሌላው ሰው መሬት ላይ በእግሩ መሄዱ፣ ከአፈር ጥበቃና ከከብት ጤና ጋራ በአንድ መዝገብ ተጽፎ፣ ዋጋ የሚወጣለትና ሒሳብ የሚወራረድበት ነገር ሆኗልና።

ሕዝብ ወደ ገጠር መግባቱ ለአገር የሚበጅ መሆኑን ሕግ አውጪዎቹ መመስከራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። መንግሥት ገንዘቡን ሲከፍል የሚገዛው ምንድን ነው? መብትን ነው ወይስ ፈቃድን? ሁለቱስ በጊዜ ብዛት የሚወልዱት ፍሬ አንድ ነውን? ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆኑ፣ ነገሩም የሚመለከተው እንግሊዝን ብቻ ነው፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው የእርሻ አስተዳደር አላቸውና።

የነገሩ መነሻ

ብሪታንያ የአውሮፓ ኅብረት አባል በነበረችበት ዘመን፣ የእንግሊዝ ገበሬ ድጎማውን ይቀበል የነበረው በኅብረቱ የጋራ የእርሻ መመሪያ መሠረት ነበር። በተለይም ከ2015 ጀምሮ ይሠራበት የነበረው መሠረታዊ ክፍያ በሄክታር ስፋት የሚቈጠር ስለ ነበረ፣ ሰፊ መሬት የያዘ ብዙ፣ ጠባብ መሬት የያዘ ጥቂት ይወስድ ነበር። በጠቅላላው ለእንግሊዝ እርሻ በዓመት ይወጣ የነበረው የሕዝብ ገንዘብ ወደ 2.4 ቢሊዮን ፓውንድ ይደርስ ነበር። መንግሥት በፌብሩዋሪ 2018 «ጤናና ስምምነት» በሚል ርእስ ያወጣው የመመካከሪያ ሰነድ፣ ከተቀባዮቹ ከመቶ 10 የሚሆኑት ከጠቅላላው ክፍያ ግማሽ ያህሉን ይወስዱ እንደ ነበር ሳይሸሽግ ገልጿል።

በዚያን ጊዜ የአካባቢ፣ የምግብና የገጠር ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ማይክል ጎቭ ሰነዱን ሲያቀርቡ ያነሡት ዋና አሳብ፣ የሕዝብ ገንዘብ መከፈል ያለበት ለሕዝብ የጋራ ጥቅም ነው የሚል ነበር። የጋራ ጥቅም የተባለው በገበያ ዋጋ የማያወጣ፣ ግን ሁሉ የሚካፈለው ነገር ነው፤ የጠራ ወንዝ፣ የንብ መብዛት፣ የጎርፍ መገታት፣ የካርቦን በአፈር ውስጥ መከማቸት ይህን የመሰለ ነው። የሕዝብ ወደ ገጠር መግባትም በዚሁ ተራ ተመደበ። ከዚህም የተነሣ የቀድሞው በሄክታር የሚቈጠር ክፍያ ከ2021 ጀምሮ በየዓመቱ እየተቀነሰ እንዲቀር ተወሰነ፤ በምትኩም አዲሶቹ የአካባቢና የእርሻ ድጎማዎች ተተኩ።

አሳቡ ሲነገር ያማረ ነው። ነገር ግን የተዘረዘሩት ጥቅሞች ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ እንዳላቸው አድርጎ ማየቱ ስሕተት አለበት። ወንዙ እንዲጠራ ገበሬው ማዳበሪያውን መቀነስ፣ ዳርቻውን ማጠርና ዛፍ መትከል አለበት፤ ይህም ድካምና ወጪ ነው። መንገደኛው በሜዳው እንዲያልፍ ግን ባለመሬቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አለመከልከል ነው። በእርግጥ በሩን መጠገን፣ የአጥሩን መሻገሪያ ደረጃ ማደስ፣ በጅረቱ ላይ ድልድይ መሥራት፣ ሣሩን ማጨድ ሥራ ስለ ሆነ ዋጋ ይገባዋል። ነገር ግን ለሥራ የሚከፈለውና ላለመከልከል የሚከፈለው ገንዘብ በአንድ ስም ሲጠራ፣ መከልከል ራሱ የሚሸጥ ሀብት ይሆናል። ቀድሞ በቸልታ ያሳልፍ የነበረ ባለመሬት ዛሬ በሩን ዘግቶ ነገ በክፍያ ሊከፍተው ምክንያት ያገኛል።

ሦስት ዓይነት መሄጃ

የእንግሊዝ ገጠር ለእንግዳ ዐይን አንድ ለምለም ሜዳ ይመስላል። በሕግ ረገድ ግን በዚያ ሜዳ ላይ የሚሄድ ሰው ከሦስቱ መንገዶች በአንዱ ይሄዳል። የመጀመሪያው በመብት የሚኬድበት ነው። በ1949 የወጣው የብሔራዊ ፓርኮችና የገጠር መግቢያ ሕግ የየአውራጃው ምክር ቤት የሕዝብ መሄጃዎችን በማስረጃነት በሚጸና ካርታ ላይ እንዲያሰፍር አዘዘ። ዛሬ በእንግሊዝ ካርታ ላይ የሰፈሩት የእግርና የፈረስ መንገዶች በድምሩ ወደ 190,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ በካርታ የተለዩትን ተራራዎች፣ ረግረጋማ ደጋዎች፣ ቁጥቋጦ የበዛባቸውን ሜዳዎችና የተመዘገቡ የወል መሬቶች ለእግረኛ ከፈተ፤ ይህም ከአገሪቱ ስፋት ከመቶ 8 ያህል ነው።

እዚህ ላይ «የወል መሬት» የሚለው ቃል አንባቢን እንዳያሳስት መጠንቀቅ ይገባል። በእንግሊዝ ሕግ የወል መሬት ማለት ሁሉ በእኩልነት የያዘው መሬት ማለት አይደለም፤ ባለቤት አለው፤ ሌሎቹ ግን በዚያ ላይ ከብት የማሰማራት፣ ማገዶ የመልቀም ወይም ይህን የመሰለ የታወቀ መብት አላቸው። ከ1604 እስከ 1914 ድረስ ፓርላማው ከ5,200 የበለጡ የአጥር ሕጎችን አውጥቶ ወደ 2.8 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን መሬት፣ ማለትም ከእንግሊዝ ስፋት አንድ አምስተኛ የሚበልጠውን፣ ከዚህ ዓይነት ይዞታ አስወጥቶ ለግል አድርጓል። የዛሬው ጥያቄ ሥሩ ከዚያ ጀምሮ የተዘረጋ ነው።

ሁለተኛው በልማድ የሚጸና መንገድ ነው። በ1980 በወጣው የመንገዶች ሕግ አንቀጽ 31 መሠረት፣ ሕዝብ በአንድ መስመር ላይ ለ20 ዓመት ሳያቋርጥ እንደ ባለመብት ከሄደበትና ባለመሬቱ ለሕዝብ የመልቀቅ አሳብ እንዳልነበረው ካላስረዳ፣ መንገዱ የሕዝብ ሆኖ ይቈጠራል። «እንደ ባለመብት» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ የእንግሊዝ ዳኞች ከሮማውያን በወረሱት አባባል ይፈቱታል፤ ይኸውም ያለ ኃይል፣ ያለ ስውርነት፣ ያለ ፈቃድ ማለት ነው። የጌቶች ምክር ቤት በ1999 ስለ ሰኒንግዌል መንደር ሜዳ በሰጠው ፍርድ፣ ሎርድ ሆፍማን የዚህን አባባል ታሪክ በሰፊው ከመረመሩ በኋላ፣ ሄያጁ በልቡ መብት አለኝ ብሎ ማመኑን ማስረዳት እንደማያስፈልገው ወስነዋል። የሚመረመረው በውጭ የሚታየው አካሄዱ ነው፤ አጥር ሰብሮ ካልገባ፣ ተደብቆ ካልሄደ፣ ፈቃድም ካልተቀበለ፣ እግሩ ራሱ ምስክር ይሆንለታል።

ሦስተኛው በባለመሬቱ ፈቃድ የሚኬድበት ነው። በዚህ መንገድ መግቢያ ላይ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ሰሌዳ ይቆማል፤ መተላለፊያው በፈቃድ የተሰጠ እንጂ የሕዝብ መንገድ እንዳልሆነ ይነገርበታል። መንገደኛው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለውን ልዩነት በእግሩ አይለይም፤ ሣሩ አንድ፣ ጭቃውም አንድ ነው። በሕግ ዐይን ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ፈቃድ በተሰጠበት መንገድ ላይ ሦስት ትውልድ ቢመላለስ እንኳ፣ «ያለ ፈቃድ» የሚለው ሁኔታ ስላልተሟላ፣ አንድ ስንዝር መብት አይወለድም።

እነሆ የአዲሱ ሕግ ዋና ጉድለት በዚህ ይታያል። መንግሥት ለፈቃድ በከፈለ ቍጥር የሕዝብን መሄጃ የሚያበዛ ይመስላል። በእውነቱ ግን በዚያ መስመር ላይ ልማድ ወደ መብት የሚያድግበትን ዘር አስቀድሞ ይቀጫል። የእንግሊዝ የገጠር መንገድ አብዛኛው የተገኘው አንድ ንጉሥ ስለ ሰጠ ወይም አንድ ሚኒስትር ስለ ከፈለ አይደለም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ገበያና ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው እየረገጠ ያጸናው ነው። የሕዝብ ገንዘብ ለፈቃድ ሲከፈል፣ ሕዝቡ ነገ በነጻ ሊያገኘው ይችል የነበረውን መብት እንዳያገኝ ዛሬ በገዛ ገንዘቡ ይከፍላል ማለት ነው።

ፈቃድ ሲያልቅ

ይህ በአሳብ ብቻ የቀረ ሥጋት አይደለም። ለመተላለፊያ መክፈል በ2020 የተጀመረ ሳይሆን ቀድሞም የተሞከረ ነው። በ1991 የተጀመረው የገጠር እንክብካቤ ዕቅድ፣ ከዚያም በ2005 የተተካው የአካባቢ እንክብካቤ ዕቅድ፣ በፈቃድ መንገድና ሜዳ ለሚከፍቱ ባለመሬቶች በየዓመቱ ይከፍሉ ነበር። ውሉ ለተወሰነ ዘመን፣ ብዙውን ጊዜ ለ10 ዓመት ነበር። በ2010 መንግሥት ለአዲስ ውል መክፈሉን አቆመ። የቀድሞዎቹም ውሎች ዘመናቸውን እየፈጸሙ ሲሄዱ፣ ባለመሬቱ መንገዱን የመዝጋት ሙሉ ነጻነቱን መልሶ አገኘ። አንዳንዱ በመልካም ፈቃዱ ክፍት አድርጎ ተወው፤ የዘጋውን ግን የሚከስሰው አልነበረም። ሕዝቡ ለዓመታት የከፈለበት ነገር አንድ እርምጃ ርስት እንኳ ሳያስቀርለት አለፈ።

ከዚህ ይልቅ ነገሩን አጉልቶ የሚያሳየው የዳርትሙር ጉዳይ ነው። በዴቮን አውራጃ በሚገኘው በዚህ ደጋ፣ በ1985 የወጣ ልዩ ሕግ ሕዝብ በእግርና በፈረስ በወል መሬቶቹ ላይ ለአየር ላይ መዝናኛ የመግባት መብት እንዳለው ደንግጓል። በዚህም መሠረት መንገደኞች ትንሽ ድንኳን ተክለው ማደርን እንደ ልማድ ይዘውት ነበር። አንድ ባለመሬት ይህ ልማድ በሕጉ ውስጥ እንደማይገባ አመልክቶ፣ በጃንዋሪ 2023 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደለት። በዚያን ጊዜ የሆነው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። የፓርኩ ባለሥልጣን ከባለመሬቶቹ ጋራ ተነጋግሮ፣ በየዓመቱ በሚከፈል ገንዘብ ድንኳን የመትከል ፈቃድ እንዲሰጥ ስምምነት አደረገ። ያው ደጋ፣ ያው ድንኳን፣ ያው መንገደኛ፤ ነገር ግን ትናንት መብት የነበረው በጥቂት ቀናት ውስጥ የኪራይ ፈቃድ ሆነ። በጁላይ 31 ቀን 2023 የይግባኙ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ በሜይ 21 ቀን 2025 ደግሞ የበላዩ ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ መብቱን አጸናው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕግ የጻፈው መብት ተከራክሮ ይመለሳል፤ ፈቃድ ግን ሲወሰድ የሚያቆመው ክርክር የለውም።

አዲሱ ሕግ በሥራ ላይ

ሕጉ ሚኒስትሩ ገንዘብ «ሊሰጥ ይችላል» ይላል እንጂ «ይሰጣል» አይልም። የዚህች አንዲት ቃል ክብደት በሥራ ላይ ታየ። በ2022 ለገበሬ ሁሉ የተከፈተው ዋናው ዕቅድ፣ ዘላቂ የእርሻ ማበረታቻ የተባለው፣ የጀመረው በእርሻ አፈር፣ በግጦሽ አፈርና በረግረጋማ ደጋ ጥበቃ ነው። በ2023 የአጥር ቁጥቋጦና የተባይ ቁጥጥርን የመሳሰሉት ተጨመሩ። የሕዝብ መግባት ግን በሕጉ ሁለተኛ ሆኖ የተጻፈ ሲሆን በዚህ ዕቅድ አጀማመር ስፍራ አላገኘም። በእርግጥ ሌሎች በሮች ነበሩ። ከ2021 ጀምሮ በብሔራዊ ፓርኮችና ውብ ተብለው በተለዩ አካባቢዎች ብቻ የሚሠራው ዕቅድ ለመንገድ ሥራ ገንዘብ ሰጥቷል፤ በዚያው ዓመት የተከፈተው የደን ተከላ ድጎማም ጫካውን ለሕዝብ ለሚከፍት ተካይ ጭማሪ ይከፍላል፤ የተማሪዎችን ጉብኝት ለሚቀበሉ ገበሬዎችም ክፍያ አለ። እነዚህ የሚመሰገኑ ናቸው፤ ነገር ግን ከተማ ዳር የሚኖረው፣ በዙሪያው ተራ የስንዴ እርሻ ብቻ ያለው ሕዝብ ከነዚህ ብዙ አይደርሰውም።

ከዚህ የሚከብደው ግን የተሰጠው ማነሱ ሳይሆን የተወሰደው ነው። በቀድሞው የአውሮፓ ድጎማ ጊዜ ገንዘቡን የሚቀበል ገበሬ ሁሉ የተወሰኑ ግዴታዎችን እንዲፈጽም ይጠየቅ ነበር፤ ከነዚህም አንዱ በመሬቱ ላይ የሚያልፈውን የሕዝብ መንገድ ክፍትና የሚታይ አድርጎ መያዝ ነበር። መንገዱን አርሶ ያላስተካከለ ወይም በሽቦ የዘጋ ገበሬ ከድጎማው ይቀነስበት ነበር። ይህ ግዴታ ከቀድሞው ክፍያ ጋራ በ2023 መጨረሻ ቀረ። የ1980ው የመንገዶች ሕግ በእርሻ መካከል የሚያልፍ የእግር መንገድ ከታረሰ ለመጀመሪያ ጊዜ በ14 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለሚደረገው ሥራ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲስተካከል ያዝዛል፤ ይህ ትእዛዝ አሁንም ጸንቶ ይኖራል። ነገር ግን አስፈጻሚው የአውራጃው ምክር ቤት ነው፤ ገበሬው የሚጠብቀውን ገንዘብ የያዘውም ሌላ ነው። ስለዚህም ለሕዝብ ጥቅም እከፍላለሁ ያለው ሥርዓት፣ ሕዝቡ ቀድሞ የነበረውን መብት የሚያስከብርለትን አንዱን ልጓም ፈታ፤ በምትኩም ጊዜያዊ ፈቃድ ሊገዛለት ይችል እንደ ሆነ ብቻ ተስፋ ሰጠው።

ተስፋውም ቢሆን በግምጃ ቤቱ አቅም የተወሰነ ነው። በማርች 11 ቀን 2025 መንግሥት የዘላቂ እርሻ ማበረታቻውን ገንዘብ ተጠናቋል ብሎ አዲስ ማመልከቻ መቀበሉን ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አቆመ። የአፈር ጥበቃው ክፍያ እንዲህ ባለ ሁኔታ በአንድ ማታ ሊዘጋ ከቻለ፣ በዚያው ዓይነት ክፍያ ላይ የተንጠለጠለ መንገድ ዕድሜው ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

የተቃራኒው ወገን መጽሐፍ

ሕጉ በወጣበት በዚያው በ2020፣ ጸሐፊና ሠዓሊ ኒክ ሄይስ «ዘ ቡክ ኦፍ ትረስፓስ» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ይኸውም በሰው ድንበር ያለ ፈቃድ ስለ መግባት የሚናገር መጽሐፍ ማለት ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ የአንድ እንስሳ ስም ይዟል፤ ሥዕሎቹንም የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ሄይስ በታላላቅ ባለርስቶች መሬት ውስጥ ሳይጋበዙ እየገቡ፣ አጥሩ መቼና በማን እንደ ታጠረ፣ የርስቱም ሀብት ከየት እንደ መጣ፣ ከባሪያ ንግድና ከቅኝ ግዛት ጋራ ምን ዝምድና እንዳለው ይተርካሉ። መጽሐፉ ሕይወት ያለው ነው፤ የርስትን ታሪክ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ በእግር የሚዳሰስ ማድረጉ ታላቅ ውለታው ነው።

ይሁንና ሁለት ነገር ሊነሣበት ይገባል። አንደኛ፣ በመጽሐፉና ከእርሱ ጋራ በተነሣው ዘመቻ ዘወትር የሚጠቀሰው፣ ሕዝብ ከእንግሊዝ መሬት ከመቶ 92 ተከልክሏል የሚለው ቍጥር፣ የሚቈጥረው በ2000ው ሕግ የተከፈተውን ሜዳ ብቻ ነው። 190,000 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የመንገድ መረብ፣ መስመር እንጂ ስፋት ስለሌለው፣ በዚህ ስሌት አይገባም። ነገር ግን ገጠሬው የገዛ አገሩን የሚያውቀው በነዚህ መስመሮች ነው፤ በልማድ የተገኘውም የሕዝብ ርስት ይህ ነው። ስለዚህ ቍጥሩ ለቍጣ የሚበጀውን ያህል ለማስተዋል አይበጅም። ሁለተኛ፣ ሄይስ ዋናውን ጠላት በአጥር ላይ ያያሉ። በአዲሱ ሥርዓት ግን መንገዱን የሚያሰናክለው ነገር አጥር ላይሆን ይችላል፤ እንኳን ደኅና መጡ የሚል፣ በመንግሥት ገንዘብ የተተከለ፣ ግን ፈቃድ እንጂ መብት እንዳልተሰጠ የሚያስታውቅ ደግ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። ድንበር የሚጥስ ሰው አጥርን ሊዘል ይችላል፤ ፈቃድን ግን ሊዘለው አይችልም፤ በተሰጠው ቅጽበት መጣሱ ራሱ ይቀራልና።

ሄይስ በትክክል ያዩት አንድ ነገር ግን አለ፤ ያለ ፈቃድ መሄድ በእንግሊዝ ታሪክ ውስጥ መብትን የሚወልድ ሥራ መሆኑ ነው። በአፕሪል 24 ቀን 1932 በመቶዎች የሚቈጠሩ ሠራተኞች ከማንቸስተርና ከአካባቢው ተሰብስበው ወደ ኪንደር ስካውት ተራራ በወጡ ጊዜ፣ ከመካከላቸው አምስቱ ታሰሩ፤ መሪያቸው ቤኒ ሮትማን የ4 ወር እስራት ተፈረደበት። የ1949ና የ2000 ሕጎች የዚያ ቀን ልጆች ብቻ ናቸው ባይባልም፣ ያለዚያ ዓይነት እግር የተገኙ አይደሉም። በዚያ ቀን ለባለመሬቶቹ ገንዘብ ተከፍሎ ለጥቂት ዓመት ፈቃድ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ጩኸቱ በረደ፤ ሕጉም ዘገየ ብሎ መገመት ይቻላል።

የገበሬው ቃል

በሌላው ወገን የገበሬው አቤቱታ ሊናቅ አይገባም። ውሻ በጎችን ያሳድዳል፤ ጥጃ ያላት ላም መንገደኛን ትወጋለች፤ ያልተዘጋ በር ከብትን ወደ አውራ ጎዳና ያስወጣል፤ መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎችም በብዙ ሰው ኮቴ ይበረግጋሉ። የስኮትላንድ ሰዎች በ2003 ባወጡት የመሬት ማሻሻያ ሕግ ሰፊ የመግቢያ መብት ሲሰጡ፣ መብቱን የሚሠራበት ሰው ኀላፊነት እንዳለበት አብረው ደንግገዋል፤ የተዘራ ማሳና የመኖሪያ ቤት ግቢም ከመብቱ ውጭ ናቸው። እዚያ ባለመሬቱ የሚከፈለው ስለ ሥራ ሊሆን ይችላል እንጂ፣ መንገደኛውን ስለ አልከለከለ አይደለም። ከዚህ የሚታየው፣ መብትና ጥንቃቄ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉና ገንዘብ ለሁለቱ መታረቅ የግድ አስፈላጊ እንዳልሆነ ነው።

የተከራይ ገበሬ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። መሬቱ የእርሱ ስላልሆነ ለዘለዓለም የሚጸና መብት ለሕዝብ ሊሰጥ አይችልም፤ ሊሰጥ የሚችለው በኪራዩ ዘመን የሚቆይ ፈቃድ ነው፤ ለዚያም የባለመሬቱ ስምምነት ሊያስፈልገው ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው የፈቃድ ክፍያ ተገቢ ነው። ስሕተቱ ለተከራዩ የሚገባውን መንገድ ለታላቁ ባለርስትም ማበጀቱ ነው፤ ባለርስቱ ለሁልጊዜ መስጠት ይችላልና።

ሊደረግ የሚገባው

መፍትሔው ከእንግሊዝ ሕግ ውጭ መፈለግ የለበትም። በ2000 የወጣው ሕግ በአንቀጽ 16፣ ባለመሬት መሬቱን ለሕዝብ መግቢያ በማይሻር ቃል እንዲለይ ይፈቅድለታል፤ ቃሉም ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ገዢና ወራሽ ሁሉ ያስራል። የደን ኮሚሽን የራሱ የሆነውን ሰፊ ደን በዚሁ አንቀጽ ለሕዝብ ለይቷል። የ1980ው የመንገዶች ሕግም በአንቀጽ 25፣ የአካባቢው ምክር ቤት ከባለመሬት ጋራ ተዋውሎ፣ ክፍያም ቢሆን ተስማምቶ፣ ለዘለቄታው የሚኖር የሕዝብ መንገድ እንዲፈጥር ያስችላል። እንግዲህ ድጎማው ለባለርስቱ ሲከፈል ከነዚህ አንቀጾች በአንዱ ቢታሰር፣ የሕዝብ ገንዘብ አንድ ጊዜ ወጥቶ ለልጅ ልጅ የሚቀር ነገር ይገዛል።

ከዚህም ጋራ ሦስት ነገሮች ይገባሉ። ለሥራ የሚከፈለውና ለፈቃድ የሚከፈለው በሒሳቡ ይለዩ፤ የጠገነ ስለ ጠገነ ይከፈለው። ማንኛውም የአካባቢ ድጎማ የሚቀበል ሰው በመሬቱ ላይ ያለውን የተመዘገበ የሕዝብ መንገድ ክፍት አድርጎ እንዲይዝ የቀድሞው ግዴታ ይመለስ። በሕዝብ ገንዘብ የተከፈለበት ፈቃድም በልማድ መብት ላይ እንቅፋት እንዳይሆን በሕግ ይደንገግ፤ ማለትም የክፍያው ዘመን ከ20 ዓመቱ ባይቈጠር እንኳ፣ ከክፍያው በፊት የነበረውን አካሄድ እንዳያጠፋው ይሁን። ይህ የመጨረሻው በተለይ አስፈላጊ የሚሆነው፣ የ2000ው ሕግ ያልተመዘገቡ የጥንት መንገዶችን ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 በሚባል ገደብ አጥሯቸው ስለ ነበረ ነው፤ ገደቡ በ2023 ወደ 2031 ተራዘመ፤ በዲሴምበር 2024ም መንግሥት ፈጽሞ እንደሚሽረው አስታወቀ። አንድ መንግሥት የጥንቱን ልማድ ከመጥፋት ሊያድን ሲነሣ፣ አዲስ ልማድ እንዳይበቅል በሌላው እጁ መክፈሉ እርስ በርሱ የሚቃረን ነው።

የ2020 ሕግ የሕዝብን መሄድ የጋራ ጥቅም ብሎ ሲጠራው ትክክል ተናግሯል። የሳተው ጥቅሙ ከየት እንደሚመነጭ ነው። የጠራ ውሃ ከገበሬው ድካም ይመነጫል፤ መንገድ ግን ከሄያጁ ነው። ሕዝብ በሚሄድበት መንገድ ላይ ባለመብት የሚሆነው ሲሄድበት እንጂ ሲከፈልለት አይደለም። ይህን የመሰለ ሕግ የሚያወጣ ማንኛውም አገር፣ ገንዘቡን ከመመደቡ በፊት፣ የሕዝቡ እግር ቀድሞ የጻፈውን ማንበብ ይኖርበታል።